ቀይ ጨርቅ የታሰረባቸው ችካሎች

ቤቴ ፍኖተ ሰላም ዋናው አስፋልት ዳር ነው። ወደ ባሕር ዳር የሚሄደውም ወደ አዲስ አበባ የሚመለሰውም ከባድ መኪና በመስኮቴ ሥር ያልፋል፤ ማርሽ የሚቀይሩት ደግሞ፣ የማን ዕድል እንደሆነ እንጃ፣ ልክ እዚያው ላይ ነው። ፊት ለፊቴ ባጃጆች ተሰልፈው ተሳፋሪ ይጠራሉ። ከጎኔ ያለው ሙዚቃ ቤት ጠዋት ድምፅ ማጉያውን ደጃፍ ላይ ያወጣና እስኪዘጋ ድረስ መልሶ አያስገባውም። እኔም ብሆን ከጫጫታው ወገን ነኝ፤ ልብስ ሰፊ ነኝና የስፌት መኪናዬ ሲንቀጫቀጭ ይውላል። ሃያ ዓመት እንዲህ ተቀምጬ ስሰፋ ኖሬ አንድ ቀን ጆሮዬ እምቢ አለ። መስማቱን አልተወም፤ መለየቱን ነው የተወው። ደንበኛ መጥታ "እጅጌው ይጠርልኝ" ስትለኝ ከመኪናው ጡሩንባ ለይቼ አልሰማትም። እጅጌው ይጠር የተባለውን ስንት ቀሚስ ከታች እንደቆረጥኩት እኔና ደንበኞቼ እናውቃለን።

ያሳደግኳት የእህቴ ልጅ ቡሬ አስተማሪ ናት። አንድ ቅዳሜ ስትመጣ ይህንኑ አማረርኩላት።

"ምንም የማይጮህበት ቦታ አንድ ሌሊት ተኝቼ ብነቃ ሌላ አልፈልግም" አልኳት።

"ድንኳን ይዘሽ ዱር ግቢያ፣ እትዬ" አለችኝ እየሳቀች።

እሷ ቀልዷን ነበር። እኔ ግን በሳምንቱ ገበያ ወጥቼ ውኃ የማያስገባ ሸራ ገዛሁ።

ትምህርት ያቆምኩት አራተኛ ክፍል ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት ነገር በመፍታት ነው። የሰው ኮት ፈትቼ ኮት መስፋት ተማርኩ። ስኳር የተጠቀለለበትን ጋዜጣ ፈትቼ፣ በመዳፌ አለስልሼ፣ ሳነብ ሳነብ ንባቡ ለመደኝ። ድንኳኑንም ስልክ ላይ ፎቶውን አገላብጬ አየሁትና በሐሳቤ ፈታሁት፤ ከዚያ ቆረጥኩ፣ ሰፋሁ። ዚፑን ከተቀደደ ሻንጣ ወሰድኩ። ምሰሶው ቀርከሃ ሆነ። ችካሎቹን ከወይራ እንጨት ራሴ ጠረብኳቸው። በመጀመሪያው ጊዜ ሁለቱ ሣር ውስጥ ጠፍተውብኝ ግማሽ ቀን ስለፈለግሁ፣ ከዚያ ወዲያ በእያንዳንዱ አናት ላይ ከተረፈ ጨርቅ ቀይ ቁራጭ አሰርኩበት። ይህቺን ቀይ ጨርቅ ያሰርኩ ቀን እጄን ቢይዘኝ ምን ነበረበት እላለሁ ዛሬ።

ጸጥ ያለ ቦታ ማግኘት ቀላል ይመስላል፤ አገሩ ሁሉ ሜዳና ዱር ነውና። አይደለም። ከእህቴ ልጅ ጋር መጀመሪያ ያደርነው ብር ወንዝ ዳር፣ ሣሩ የተከረከመ የሚመስል ለጥ ያለ ቦታ ላይ ነበር። "አየሽ፣ አምላክ ለእኛ አነጠፈው" ስል አመሸሁ። ሲነጋ ለምን እንደተከረከመ ገባኝ። የሦስት መንደር ከብት ውኃ የሚወርድበት መንገድ ኖሯል። አንዲት ላም አንገቷን በዚፑ አስገብታ ቁልቁል ስታየኝ ነቃሁ። ሌላ ቀን በትልቅ ዛፍ ጥላ ሥር ተከልን፤ ዛፉ የመንደሩ ሰው የሚመክርበት ኖሮ ቀኑን ሙሉ የሰው ጠብ ስንሰማ ዋልን። አንድ ቦታ ደግሞ መንገደኛው ሁሉ ድንኳኑን እያየ ነጠላውን እያስተካከለ ይመጣና ድምፁን ዝቅ አድርጎ "ማን ሞተ?" ይለናል። ማንም እንዳልሞተ ስንነግረው ቅር ብሎት ይሄዳል።

እየቆየሁ ብልሃቱን አገኘሁት። ስልክ ላይ ያለ ካርታ አይደለም፣ ውኃ ቀድታ የምትመለስ ሴት ናት የምትጠየቀው። ከብቱ በየት እንደሚወርድ፣ ውሻ የማን እንደሆነ፣ ነፋሱ ከየት እንደሚመጣ እሷ ታውቃለች። እሷ "እዚያ እደሩ" ያለችው ቦታ አሳፍሮኝ አያውቅም።

ጂኦካሺንግ የሚባለውን ጨዋታ ያመጣችው የእህቴ ልጅ ናት። ጨዋታው እንዲህ ነው። አንድ ሰው ትንሽ ዕቃ አንድ ቦታ ይደብቃል። የቦታውን ቁጥር ስልኩ ከሳተላይት ይነግረዋል፤ ያንን ቁጥር ለዓለም ይጽፋል። ሌላው ሰው ቁጥሩን ይዞ ይፈልጋል። ሲያገኝ ውስጡ ባለው ደብተር ስሙን ይጽፍና መልሶ እዚያው ይደብቀዋል።

"ከዚያስ?" አልኳት።

"በቃ።"

"ሽልማት የለው?"

"የለውም።"

"ታዲያ ምን ያደርጋል?"

"ያደርስሻል፣ እትዬ። ሌላ ጊዜ የማትደርሺበት ቦታ ያደርስሻል።"

እውነቷን ነው። የሚደብቁት ሰዎች መንገድ ዳር አይደብቁም። ዕቃው ባለበት አካባቢ ሁልጊዜ ድንኳን የሚተከልበት ጭር ያለ ቦታ አይጠፋም። በእኛ አገር ግን የተደበቀው እጅግ ጥቂት ነው፤ አላፊ እንግዶች ጣል ጣል ያደረጉት። ከቡሬ ወረድ ብሎ ፈጠም ወንዝ አጠገብ አንድ አለ ተብሎ ሄድን። ድንጋይ ለድንጋይ ስናስስ አህያ የሚነዱ ሰውዬ ቆመው ያዩናል።

"ምን ጠፋባችሁ?"

"ዕቃ ነው፣ አባቴ።"

"የማን ዕቃ?"

"የማናውቀው ሰው።"

"ምን ዓይነት ዕቃ?"

"እሱንም አናውቅም።"

ሰውዬው ጥቂት አሰቡና "አሄሄ፣ እንግዲያውስ ባይገኝም ምንም አልቀረባችሁ" ብለው አህያቸውን ቸብ አደረጉ። እኔ ግን ከአንድ የድንጋይ ስንጥቅ ውስጥ ጣት የምታህል ቆርቆሮ ሳወጣ የጮህኩት ጩኸት እሳቸውንም ከሩቅ አዙሯቸዋል። ውስጡ ጥቅል ወረቀት፣ ወረቀቱ ላይ የማላነበው ቋንቋ ስም። ከሥሩ ስሜን በአማርኛ ጻፍኩ። የሰው ቀሚስ ልክ እመዘግባለሁ እንጂ የራሴን ስም ጽፌ የት አውቃለሁ!

ይህ ሁሉ መንገዱ ሰላም በነበረበት ጊዜ ነው። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ፣ ዝናቡ እንዳበቃ፣ ከቡሬ ወደ ሽንዲ በሚወስደው መንገድ ሚኒባስ ይዘን አንድ ቦታ ወረድንና አንዲት ሴት ጠየቅን። ዕድሜያቸው ከእኔ ከፍ ይላል፣ ቀጠን ያሉ፣ ዓይናቸው ቶሎ የሚስቅ። ባላቸው ሞተዋል፤ ልጆቻቸው ሥራ ፍለጋ በየአቅጣጫው ሄደዋል፤ እርሻቸውን ብቻቸውን ይዘዋል። ውኃውን ከጀርባቸው ሳያወርዱ በአገጫቸው ጠቆሙን።

"ያቺን ኮረብታ ዞር በሉ። የወል ሣር ነው፤ እስከ ታኅሣሥ ከብት አይገባበትም። ጅብም በዚያ አያልፍም። ውኃ ከእኔ ቤት ትወስዳላችሁ።"

እንዲህ ያለ ቦታ አይቼ አላውቅም። ሣሩ እስከ ጉልበት፣ ከላይ ኮረብታ፣ ከታች የሴትየዋ የጤፍ ማሳ ገና አረንጓዴ ሆኖ ይወዛወዛል። የመኪና ድምፅ የለ፣ የሰው ድምፅ የለ። ሁለት ሌሊት አደርን። ጠዋት ስነቃ ጆሮዬ ውስጥ የሚጮኸው ነገር ዝም ብሏል። ለእህቴ ልጅ ስነግራት አላመነችኝም፤ እኔም አልቅሼ እንደነበር አልነገርኳትም።

"እዚህ የራሳችንን እንደብቅ" አለች እሷ። "ሌላው ሰውም ይድረስበት።"

ደግ ሐሳብ መሰለን። የሽሮ ማስቀመጫ የነበረ ክዳን ያለው ፕላስቲክ አዘጋጀን፤ ውስጡ ደብተር፣ እርሳስ፣ ከእኔ ቤት የመጡ የኮት ቁልፎችና ባለ ቀለም ክር ጨመርን። ክዳኑ ላይ የእህቴ ልጅ በማርከር ቁጥሩን ጻፈች። ቁጥሩ በቀላሉ አልተገኘም፤ ስልኩ እየዘለለ አስቸገረን። እሷ ስልኳን ወደ ሰማይ ይዛ ሣሩን ከዳር እስከ ዳር ትሄዳለች፣ ትቆማለች፣ ቁጥር ትጮሃለች፤ እኔ ደብተር ይዤ ቆሜ እጽፋለሁ። "ድገሚው!" እላታለሁ። ትመለሳለች፣ በሌላ በኩል ትሄዳለች፣ ትጮሃለች። ግማሽ ቀን ፈጀብን። ሳጥኑን ከሣሩ ዳር ባለ የድንጋይ ክምር ሥር ቀበርነው። ድንኳኑን ነቅለን ስንሄድ አራቱን ችካሎች እዚያው ተክለን ተውናቸው፤ በኅዳር መመለሳችን አይቀርም፣ ቦታችንን በቀላሉ እናገኘዋለን ብለን። በአራት ማዕዘን ተተክለው፣ ቀይ ጨርቃቸው በነፋስ እየተውለበለበ።

አሁን የሚያነበኝ የገጠር ሰው ካለ ራሱን ይዟል።

በኅዳር መጨረሻ፣ አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ ተመለስን። ችካሎቹ የሉም። የድንጋይ ክምሩ ፈርሷል፤ ሳጥኑም የለም። "ልጆች ወስደውት ይሆናል" ተባባልንና ውኃ ልንለምን ወደ ሴትየዋ ወረድን። ማሳቸው ላይ ነበሩ። ጤፉ ከመድረስ አልፎ ነጭ ሆኗል። በዙሪያው ያለው ማሳ ሁሉ ታጭዷል፤ የእሳቸው ብቻ ቆሟል። ብቻቸውን ጎንበስ ብለው ማጭድ ይዘው ያጭዳሉ፤ ያጨዱት አንድ ድንኳን የምታህል ነው። ነካ ሲያደርጉት ፍሬው እንደ አሸዋ ይረግፋል።

"እንዴት ብቻዎን?" አልኳቸው። "ደቦ አልጠሩም?"

"ጠርቼ ነበር" አሉ ቀና ሳይሉ። "ሰው ሥራ በዝቶበት ነው።"

ሰው ሥራ እንዳልበዛበት ዙሪያው ይናገራል። ማጭድ አነሳን። እኔ እንኳ ከልጅነቴ ወዲህ አጭጄ አላውቅም፤ የእህቴ ልጅ ደግሞ ጭራሽ አታውቅም፤ ለእሳቸው የሆንነው ሸክም ነው። ከምዕራብ በኩል ደመና ቆሟል። እሳቸው ደመናውን ያያሉ፣ ጤፉን ያያሉ። ነገ ቅዳሜ ነው፣ ከነገ ወዲያ እሑድ፤ በሰንበት ማጭድ አይነካም። የቆመው ጤፍ የዓመት ቀለባቸው ነው፤ ዝናብ ከወረደበት መሬት ላይ ተነጥፎ ይቀራል። ይህን ለማወቅ አራሽ መሆን አያስፈልግም።

ቤት ስንገባ አራት ጋን ጠላ ተደርድሯል። ለደቦው የተጠመቀ ነው። ጥግ ላይ ትልቅ ድስት ባቄላ ንፍሮ፤ ጾመ ነቢያት ገብቶ ነበርና። ማንም ያልነካው። "እመጣለሁ" ብሎ የቀረ ሰው ቤት ምንም አይታይም፤ የቀረበት ሰው ቤት ነው ሙሉው ጋን የሚቆመው።

ሴትየዋ እጃቸውን ታጥበው፣ ምግብ አቅርበውልን፣ እኛ እስክንበላ ጠበቁ። ከዚያ በዝግታ፣ እንደማያገባቸው ነገር፣ ጠየቁኝ።

"አንድ ነገር ልጠይቅሽ፣ ልጄ። ያኔ ስትለኩት ስንት ወጣ?"

"ምኑን?"

"የወሉን ሣር ነዋ።"

የእህቴ ልጅ ጉርሻዋን እንደያዘች ቀረች። እኔ እንኳ ነገሩ ቶሎ አልገባኝም። እሳቸው ቀጠሉ።

"አይከፋኝም። የታዘዘ ሰው ምን ያደርጋል? ብቻ ባለሀብቱ መቼ እንደሚመጣ ብታውቂ ብዬ ነው። ሰዉ እኔ ያስገባኋችሁ፣ እኔ ቦታውን የጠቆምኩ፣ ድርሻም የተሰጠኝ ይመስለዋል። ውኃም ከእኔ ቤት ነው የጠጣችሁት። ማንም አልተናገረኝም፤ ማንም አልሰደበኝም። ደቦ ስጠራ 'እሺ' አሉኝ፣ በቀኑ አልመጡም። ሁለተኛ ጠራሁ፣ 'እሺ' አሉኝ።"

ያኔ ሁሉም ነገር አንድ ላይ ገባኝ። ደብተር የያዘች ሴት፣ መሣሪያ ይዛ ከዳር እስከ ዳር የምትሄድ ወጣት፣ ቁጥር እየተጮኸ፣ ቁጥር እየተጻፈ፤ ከዚያ አራት ቀይ ችካል፣ ቁጥር ያለበት የተቀበረ ዕቃ። እዚህ አገር መሬት ሲለካ ያየ ሰው ይህን ምን ብሎ ይተረጉመዋል? እኔም ባይ እንደዚያው ነበር የምለው። የጨዋታው ሕግ "የቦታውን ባለቤት አስፈቅድ" ይላል፤ እኛ አስፈቅደናል ብለን ነበር፣ አንዲት ሴት ጠይቀን። ሣሩ ግን የመንደሩ ሁሉ ነው። ውኃ የቀዳች ሴት ትጠየቃለች ያልኩት ብልሃቴ እሷኑ አስጠየቃት።

ለሴትየዋ ነገርኳቸው። ባለሀብት እንደሌለ፣ መንግሥት እንዳልላከን፣ ዕቃ መደበቅ ጨዋታ እንደሆነ። ስጨርስ "አንቱ እኔ የምለውን ያምናሉ?" አልኳቸው።

"እኔ አምኛለሁ" አሉ። "ከመጀመሪያውም ክፉ ሰው አልመሰልሽኝም። ግን የእኔ ማመን ጤፍ አያጭድም።"

ችካሎቹና ሳጥኑ፣ የወሉን ሣር እንዲጠብቁ መንደሩ የመረጣቸው ሽማግሌ ቤት እንዳሉ ነገሩኝ። ያኔውኑ ልሄድ ተነሳሁ። እጄን ያዙኝ።

"በቤታቸው አይሆንም። ተደብቀው ተስማሙ ይባላል። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ሁሉ ባለበት ትናገሪያለሽ።"

ቅዳሜን እንዴት እንዳሳለፍኩት አትጠይቁኝ። ስፌት የለ፣ ሥራ የለ፤ ደጅ ተቀምጦ ደመና ማየት። ደመናው መጣ ሲሉት ይቆማል፣ ሄደ ሲሉት ይመለሳል። ለጸጥታ ብዬ በመጣሁበት አገር የዚያን ቀን ጸጥታ ከፍኖተ ሰላም ጡሩንባ ይልቅ ጆሮዬን አደነቆረኝ።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰዉ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ሣር ላይ ተቀምጧል። ሽማግሌው ረጅም፣ ደረቅ ያሉ፣ ነጭ ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ያጣፉ ናቸው። ስቀርብ ጨዋታው ሁሉ ተቋረጠ። እጅ ነስቼ "አባቴ፣ አንቱ ዘንድ ያለ ዕቃ አለኝ" አልኳቸው።

ሰው ላኩ። ሳጥኑ በነጭ ጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ችካሎቹ በገመድ ታስረው መጡ። ልክ እንደ ታቦት ዕቃ በጥንቃቄ ፊታቸው አስቀመጡት።

"ታውቂዋለሽ?"

"አውቀዋለሁ። የእኔ ነው።"

"የመንግሥት አይደለም?"

"የሽሮ ማስቀመጫዬ ነበር።"

ከኋላ አንዲት ሴት ሳቋን ዋጠች። ሽማግሌው አልሳቁም።

"አልከፈቱትም እንዴ?" አልኩ።

"የመንግሥት ዕቃ ከፍቶ ማን ይጠየቃል? ወር ሙሉ ከራስጌዬ አድርጌ እንቅልፍ ያጣሁት ይበቃኛል።"

"እኔ ልክፈተው፤ እኔው ልጠየቅ።"

ከፈትኩት። ደብተሩ ባዶ፤ እርሳሱ እንደተቀረጸ። ቁልፎቹን በመዳፌ አድርጌ አሳየሁ። አንዱ "ይህ የኮት ቁልፍ ነው" አለ። ሌላው "ባለሀብቱ ኮት ይለብስ የለ!" ብሎ መለሰለት። ሳቅ ሆነ፤ መልካም ሳቅ ግን አልነበረም።

"ክዳኑ ላይ ያለው ቁጥርስ?" አሉ ሽማግሌው።

የእህቴ ልጅ ልትረዳኝ ብላ ተነሳች። "ስፋቱ አይደለም፣ አባባ። የቦታው አድራሻ ነው።"

"አድራሻውን ለማን ሰጣችሁ?"

"ለማንም በተለይ አልሰጠንም። ለዓለም ሁሉ ነው የተጻፈው።"

"ለዓለም ሁሉ!" ሽማግሌው ወደ ሰዉ ዞሩ። "ሰማችሁ? እኛ ከወረዳ ሰው ይመጣል ብለን ስንፈራ፣ ለዓለም ሁሉ ተጽፏል!"

በልጄ አልፈርድባትም፤ እውነቱን ነው የተናገረችው። ነገር ግን ከዚያ በኋላ የምንለው ሁሉ ነገሩን እያጠበቀው ሄደ። "ትልቅ ሴት ሆነሽ ዕቃ ደብቀሽ ትጫወቻለሽ?" አሉኝ። አዎ ስል ውሸት መሰለ፤ ለእኔም ጆሮ ውሸት መሰለኝ። ከሴቶቹ ኋላ የቆሙትን ባለጤፏን አየሁ። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ምዕራቡን ያያሉ። እኔ ተናግሬ ካልተሳካልኝ ለሳቸው የሚናገር አልነበረም።

ቃል ሲከዳኝ እጄ ነው የሚቀድመው። የስፌት ሰው ነኝ፤ ልክ መሆኑን የማሳየው አልብሼ ነው። ድንኳኔን ከቦርሳዬ አወጣሁና ሣሩ ላይ ዘረጋሁ።

"ችካሎቹን ስጡኝ።"

ሽማግሌው ገመዱን ፈቱት። አንዱን ችካል በማዕዘኑ ቀለበት አስገብቼ በድንጋይ መታሁ። ሁለተኛውን። ሦስተኛውን። አራተኛው ላይ ሸራው ተወጥሮ ልክ ደረሰ፤ የቀለበቱ ቀዳዳ ለዚያ ችካል ተለክቶ የተሰፋ መሆኑን ዕውር እንኳ ይዳስሰዋል። ቀርከሃውን አቆምኩ። ድንኳኑ ተነሣ።

"አባቴ፣ እውነት ነው ለክተናል" አልኩ። "የለካነው ይህንን ነው። የምንተኛበትን።"

ሽማግሌው ተነሥተው በዙሪያው አንድ ጊዜ ዞሩ። ከአንዱ ችካል እስከ ሌላው በእርምጃቸው ለኩ። ጨርቁን በጣታቸው ፈተሹ፤ ስፌቱን አዩ። ከዚያ ጋቢያቸውን ለጎረቤታቸው ሰጥተው፣ ዱላቸውን ጥለው፣ በዚፑ በኩል ተንበርክከው ገቡ። ሰዉ ሁሉ ቆመ። እግራቸው ከነጫማው ውጭ ቀረ። ቆየት ብሎ ከውስጥ ድምፃቸው መጣ።

"ለሁለት ሰው ጠባብ ነው።"

"ለሁለት ሴት ይበቃል፣ አባቴ።"

"ለባለሀብት ግን አይሆንም።"

ያኔ ሰዉ ሳቀ። አሁን የሳቁት ሌላ ሳቅ ነው። እኔም እዚያው ሣር ላይ ቁጭ አልኩ። ሽማግሌው እየዳኹ ሲወጡ ሁለት ሰው እጃቸውን ይዞ አነሣቸው። ልብሳቸውን አራገፉ። ወደ እኔ ጣታቸውን ቀስረው "ቁጥሩን ከዓለም ላይ ታጠፊዋለሽ" አሉ። የእህቴ ልጅ እዚያው ቆማ በስልኳ አጠፋችው፤ እንዲያዩትም ሰጠቻቸው። ስልኩን ገልብጠው አዩና መለሱላት።

ባለጤፏን አላዩዋቸውም። ይቅርታም አላሉም። እንደዚያ ያለ ቃል በሰው ፊት ከሽማግሌ አፍ አይወጣም። ተቀምጠው ጋቢያቸውን ሲያጣፉ፣ ለማንም እንዳልሆነ ሁሉ "የነገ ሥራ የማን ነው?" አሉ።

ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ። አንዱ አቀርቅሮ "ያልታጨደ የማን ቀረና" አለ።

"እንግዲያ ጠላው እንዳይኮመጥጥ በጊዜ ነው።"

ያኔ ነጠላው ከአፍ ላይ ወረደ። "ኮምጥጧል!" አሉ ባለጤፏ ከሴቶቹ መሃል። "ሁለት ጊዜ ጠርቼ ያስኮመጠጠው ማን ሆነና! ትጠጡታላችሁ!"

ጠጡትም። ሰኞ ጎህ ሲቀድ ማጭድ የያዘ ሰው ከየአቅጣጫው መጣ፤ ሽማግሌውም አልቀሩም። የእህቴ ልጅ ክፍሏ ይጠብቃታልና ወደ ቡሬ ተመለሰች። እኔ የሰው ቀሚስ በስፌት መኪናዬ ላይ እንደተንጠለጠለ ትቼ ቀረሁ፤ ከዚያ ማሳ ዓይኔን ነቅዬ መሄድ አልቻልኩም። ጠላ የምቀዳው እኔ ነበርኩ። እያንዳንዱ ሰው ጣሳውን ይጨልጣል፣ ፊቱን ሎሚ እንደበላ ሰው ያጨማድዳል፣ "ግሩም ነው!" ይላል፣ ደግሞ ይቀበላል። ባለጤፏ "ሌላ ጨምሪላቸው፣ ይገባቸዋል" እያሉ ከማዶ ይጮሃሉ። ከምሳ በፊት የቆመ ጤፍ አልነበረም። ከመድረቁ ብዛት ለመከመር ብዙ ቀን አልጠበቀም፤ በማግስቱ ነዶው ተሰብስቦ አውድማው ዳር ተከመረ፤ አናቱም ላይ ሣር ተደረገበት።

የመጨረሻው ነዶ ወጥቶ ሰዉ ገና ከክምሩ ሥር ሳይርቅ ዝናቡ መጣ። ከተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ዝናብ ሲመጣ ሩጡ እንላለን። እዚህ ግን ማንም አልሮጠም፤ ጣራ ሥር ገብተው፣ ዳር ዳሩን ቆመው፣ ውኃው በክምሩ ላይ ሲወርድ ያያሉ። ማንም ስለ ሣሩ፣ ስለ ሳጥኑ አንድም ቃል አላነሣም። ስለ በሬ ነው ያወሩት። ስለ አንድ ሰው በሬ፣ ስለ ስንፍናው።

ዝናቡ ሲያባራ ባለጤፏ ብቻቸውን ወጡ። በጭቃው እየተንሸራተቱ ወደ ክምሩ ሄዱ። እኔም ተከተልኳቸው። እጅጌያቸውን ሰብስበው ክንዳቸውን እስከ ክርናቸው ድረስ በነዶዎቹ መሃል ከተቱ፤ ዓይናቸውን ጨፍነው በጣቶቻቸው ዳሰሱ። ረጅም ጊዜ የፈጁ መሰለኝ። ከዚያ እጃቸውን አውጥተው መዳፋቸውን ዘርግተው አሳዩኝ። ገለባ ተጣብቆበታል፤ ጥቂት የጤፍ ፍሬም አለበት።

"ደረቅ ነው" አሉ። "ንኪው። ደረቅ ነው።"

ነካሁት። ደረቅ ነበር።